ኮኮናቱን የጣለ ሰው

ኬሩ ባሕር አይወድም። ይህን የሚያውቁት ሚስቱና እናቱ ብቻ ናቸው። ናንድባንደር ውስጥ ዓሣ አጥማጅን ባሕር ትወዳለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ፣ መልሱን መደበቅ ከብዶት አያውቅም።

የሚወደው ወጥ መሥራት ነው። በጀልባው የኋላ ጫፍ፣ ከመሪው አጠገብ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ያበጃት የከሰል ምድጃ አለችው። ሌሎች አጥማጆች የውሃውን መቆም እየጠበቁ ጋደም ሲሉ እሱ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ቃሪያ ይወቅጣል፤ እርድ ይነሰንሳል፤ ኮኩም የሚባለውን ጎምዛዛ ፍሬ ጣል ያደርጋል፤ ቦምቢሉን በመጨረሻ ያስገባል። ቦምቢል መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚተኛ ዓሣ ነው። አጥንቱ ፀጉር ያህላል። ድስት ውስጥ ጥቂት አልፎ ከቆየ ይቀልጣል። ሙያው መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ለኬሩ ተቀጥሮ የሚሠራው ሃሹ፣ ደመወዝና ምሳ ምረጥ ቢሉኝ ምሳውን ነው የምመርጠው ይላል። ደመወዙ ሲዘገይ ግን ፊቱ ይጠቁራል።

ናንድባንደር ከሙምባይ በስተደቡብ፣ አውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ኮሊ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ጭቃና ማንግሮቭ፣ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የሚሰድ ዛፍ። መንገዱ አንድ ነው፤ ክረምት ላይ እሱም ይጠፋል። ወንዶቹ ያጠምዳሉ፣ ሴቶቹ ይሸጣሉ። ያላጠመደ መርከብ ላይ ይቀጠራል፣ ወይም ሙምባይ ወደብ ወርዶ በረዶ ይጭናል። ሌላ ሥራ አለ ሲባል የሰማ የለም።

የኬሩ ቤት ሀብት ችካል ነው። ከዳርቻው ርቆ፣ የባሕሩ ወለል ጭቃ በሆነበት ቦታ፣ አያቱ የተከሏቸው ሁለት የዘንባባ ግንዶች አሉ። በሁለቱ መካከል መረቡ እንደ ትልቅ ከረጢት ይወጠራል፣ አፉን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይሸሻል፣ በመካከል ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። ውሃው ሲሞላ ወይም ሲሸሽ ዓሣውን ገፍቶ ያስገባዋል። መረቡ ዓሣውን አይነክስም፣ አያንቅም። ዓሣው የማይወጣው ውሃው ስለሚገፋው ብቻ ነው። ውሃው ሲቆም የመረቡ አፍ እንደተከፈተ ነው፤ ዓሣው ዞሮ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ጀልባው ውሃው ከመቆሙ በፊት መድረስ አለበት። በየቀኑ፣ ውሃው በቆመ ቁጥር። ኬሩ በሠርጉ ቀን እንኳ በሁለት ሥርዓት መካከል ልብሱን ቀይሮ መረብ ስቦ ተመልሷል። ሚስቱ ማንጁላ እስከ ዛሬ ታነሳበታለች። የሠርጉን እሳት የዞርኩት ከዓሣ ጋር ነው ትላለች።

ችካል አይሸጥም። የሚያዝበት መንገድ አንድ ነው። ዝናቡ አልፎ የኮኮናቱ ሙሉ ጨረቃ ሲመጣ፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ወንድ በጀልባው ግንባር ቆሞ በችካሉ ላይ ኮኮናት ይጥላል። ከኮኮናቱ ቀጥሎ በገመድ የታሰረውን ትልቅ ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ያሰምጣል። ኮኮናቱን የጣለው ሰው እስከሚቀጥለው ዝናብ የዚያ ጀልባ ሰው ነው። ከዳርቻው አይርቅም፣ ሌላ ሥራ አይቀጠርም፣ ለተቀጣሪ ትቶ አይሄድም። የቤቱ ደም ያልሆነ ሰው መጣል አይችልም። ኮኮናት ያልተጣለበት ችካል ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ መንደሩም ለሌላ ቤት ይሰጠዋል። ዓሣ የሚሰጣበት መሬት ከችካሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሕጉ የትም አልተጻፈም። ስላልተጻፈም የሚከራከሩበት አንቀጽ የለውም።

ኬሩ ኮኮናት ለመጣል የተወለደ አልነበረም። ለዚያ የተወለደው ታላቅ ወንድሙ ባላራም ነበር። ኬሩ ገና ወጣት ሳለ ሙምባይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ ምግብ ቤት ሽንኩርት ላጭ ሆኖ ገብቶ፣ ወደ ምድጃው እየተጠጋ ነበር። ባላራም ሞተ ሲባል መጣ።

ባላራምን የገደለው ገመድ ነው። መረቡ ሲወርድ ውሃው ይጎትተዋል፤ ጀልባው ወለል ላይ የተጠቀለለው ገመድ እየተፈታ ይሮጣል። ባላራም እግሩን በጥቅሉ ክብ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ገመዱ እግሩን ይዞት ወረደ። ያወጣው በማግስቱ የጎረቤቱ የባባን ካካ መረብ ነው። ባባን ካካ፣ ማለትም አጎት ባባን፣ የመንደሩ ሽማግሌ ነው፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ስለሳበው መረብ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ናንድባንደር ውስጥ ሕፃን በእግሩ ሳይሄድ የሚማረው ይህንን ነው፤ የገመድ ክብ ውስጥ እግር አይገባም። አሸዋ ላይ በተጣለ የደረቀ ገመድም ቢሆን። ልጅ እየሮጠ ሲረግጥ የተገኘ እንደሆነ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ቅርብ ያለው ሰው በጥፊ ይለዋል፤ እናቱም ታመሰግናለች። ባላራም ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሦስት ቀን ትኩሳት ላይ ነበር። ውሃው ግን ለትኩሳት አይቆምም።

የሐዘኑ ሥርዓት ሳያልቅ ሙሉ ጨረቃው ደረሰ። እናታቸው ታራማቲ ኮኮናቱን ይዛ ኬሩ ፊት ቆመች።

«ለዘንድሮ ብቻ» አለች።

ኬሩ ጣለ። በዓመቱ እንደገና ለዘንድሮ ብቻ ተባለ። በኋላ ማንጁላን አገባ፤ ልጆች መጡ፤ ጀልባው ሞተር ገባለት፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ መሸበት ጀመረ። ታራማቲ በየዓመቱ ያንኑ ሁለት ቃል ትላለች። ለማታለል አልነበረም። ሴትየዋ እውነቷን ነበር፤ ከአንድ ዓመት ወዲያ አይታያትም።

* * *

ሱዳም የመንደሩ ልጅ ነው፣ የጭነት መርከብ ዋና ወጥ ቤት ሆኖ ዓለምን ዞሯል። ዝናብ ላይ ለእረፍት ሲመጣ ኬሩ ቤት በላ። የደረቀ ቦምቢል በከሰል ተጠብሶ፣ ከሽንኩርትና ከኮኮናት ጋር ተወቅጦ፣ ከሩዝ ቂጣ ጋር። ሁለተኛ ቂጣ ጠየቀ። ሦስተኛም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ረዳት እፈልጋለሁ አለ። የቀድሞው ረዳቱ ወጡን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚያደርገው፤ መርከበኞቹ ሊጥሉት ደርሰዋል። መርከቡ ከኮኮናቱ ጨረቃ በኋላ በቀናት ውስጥ ይነሳል። ኬሩ ለመጀመሪያ ቅጥር ከሚፈቀደው ዕድሜ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል። በሚመጣው ዓመት ቢፈልጉም አይወስዱትም።

ኬሩ ሙምባይ ሄዶ ሐኪም አየው። ልቡም ሳንባውም ደህና ነው ተባለ። ተመልሶ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ለታናሽ ወንድሙ ለዳሙ ስልክ ደወለ።

ዳሙ ሙምባይ ወደብ ያለ የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከባላራም ሞት በኋላ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ለበዓል ሲመጣም ጫማውን ሳያወልቅ ይመለሳል። ከቤቱ የቀረው ሌላው አዋቂ ወንድ እሱ ነው። ኬሩ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ዳሙ እሺ አለ። እስከዛሬ አንተ ጣልክ፣ ዳዳ፤ አሁን የኔ ተራ ነው አለ። ታላቅ ወንድም ዳዳ ነው የሚባለው፤ ዳሙ ግን ያን ቀን ቃሉን ከበፊቱ ለስለስ አድርጎ እንዳለው ኬሩ ልብ ብሏል።

ማንጁላ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጭ ናት። ቅርጫቷ ፊት ቆሞ ዋጋ የሚከራከራት ሰው መጨረሻው ዓሣውንም ምክሩንም ገዝቶ መሄድ ነው። ዜናውን ሰምታ ቅርፊት መፋቋን አላቋረጠችም።

«ዳሙ እሺ ካለህ መልሰህ ጠይቀው» አለች። «እሱ እሺ የሚለው ጥያቄው ቶሎ እንዲያልፍለት ነው።»

«ወንድሜ ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

ከዚያ ስለ መሄዱ ተነጋገሩ። ማንጁላ አልከለከለችውም። ሄደህ የሌላ አገር ዓሣ ይሽተትህ አለችው። ልብሱን ለሁለት ቀን በውሃ ዘፍዝፋ የቦምቢሉን ሽታ ለማስለቀቅ ሞከረች፤ አልለቀቀም። ኬሩ ቢላዋውን፣ የቅመም ቆርቆሮውንና ያንን ልብስ በአንድ ሻንጣ አድርጎ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠ።

ታራማቲ ሻንጣውን አየች። አልተቃወመችም። ሂድም ቅርም አላለችም። ዳሙ መቼ ይደርሳል ብላ ብቻ ጠየቀች፤ በማግስቱም ጠየቀች።

* * *

ዳሙ በበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ግቢው በሙሉ ገመድ ነበር። ዝናብ ላይ የተቀመጠ ገመድ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ ይጠቀለላል። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ድረስ ክብ በክብ ተኮልኩሏል። ዳሙ ነጭ የሸራ ጫማ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የጣፋጭ ካርቶን ይዞ ገባ። እናቱን እያየ፣ እያወራ፣ እየሳቀ ግቢውን አቋረጠ። መሬቱን አላየም። አንዱን ክብ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እየዞረ መጣ እንጂ አንዱንም አልረገጠም። ሙምባይ ይህን ያህል ዓመት ቢቀመጥም እግሩ አልረሳም።

ኬሩ ይህንን አየ። ደስ አለው። ከዚያ ያለፈ አላሰበም።

ማንጁላ የባሏን ታናሽ ወንድም መተረብ ወጓ ነው፤ ዳሙም ይጠብቀዋል። ጫማውን እያየች ሆስፒታል ነው ወይስ ቤታችን የመጣኸው አለችው። ሚስትህስ አለችው። ዳሙ ሚስቱ ያልመጣችው የዓሣው ሽታ ከሳሪዋ አይለቅም ብላ እንደሆነ ተናገረ። ማንጁላ ከባልዋስ ይለቃል አለች። ሁሉም ሳቁ። ታራማቲም።

እራት ላይ ኬሩ ነገሮችን አስረዳ። ሞተሩ ሲነሳ ያስላል፤ ካልተሳደቡ አይነሳም። የግራው ችካል ትንሽ አዘንብሏል። ሃሹ ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሰነፍ አይደለም። ዳሙ እየበላ ራሱን ነቀነቀ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ኬሩ ይህንን የገባው ሰው ዝምታ አድርጎ ወሰደው። ሲበሉ ከጨረሱ በኋላ ዳሙ ወጣ ብሎ የባላራም ጀልባ የነበረችውን፣ አሁን ተገልብጣ ዶሮ የሚያድርባትን አሮጌ እንጨት ሲያይ ቆየ። ከዚያ ተኛ።

* * *

በበዓሉ ቀን መንደሩ ከበሮ ይዞ ወደ ዳርቻው ወረደ። ሴቶቹ አረንጓዴና ቀይ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ እየጨፈሩ። ጀልባዎቹ በወረቀት ባንዲራ ተሸፍነዋል። በየቤቱ አንድ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ኮኮናት አለ። ታራማቲ የራሷን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ለዳሙ ሰጠችው። ለእሱ ለዘንድሮ ብቻ አላለችውም። ኬሩ ይህንን ልብ ብሎ፣ እንግዲህ አበቃ ብሎ አሰበ።

ዳሙ ጫማውን አውልቆ ነበር። እግሩ ነጭና ለስላሳ ሆኗል። ባባን ካካ ከራሱ ጀልባ ላይ ሆኖ አየው።

«ኬሩ፣ ይኼን እግር ዓሣ እንዳያየው» አለ። «ዘመዴ ነው ብሎ ይከተለዋል።»

ጀልባዎቹ ወጡ። ኬሩ መሪውን ያዘ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ። ሃሹ መሐል ተቀመጠ። ዳሙ ግንባሩ ላይ ኮኮናቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ከእግሩ ሥር ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ደግሞ ከሱ ጋር የተያያዘው ገመድ፣ በዘይት ጠቁሮ፣ ተጠቅልሎ። ችካሉ ጋ ሲደርሱ ኬሩ ሞተሩን አጠፋ። ወግ ነው፤ የባባን ካካ ጀልባ ለምስክርነት በቅርብ ቆመ። ውሃው ሊዞር ነበር፤ ኮኮናቱ ውሃው ሳይዞር መጣል አለበት።

ዳሙ ኮኮናቱን ወደ ላይ አነሳ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ቀኝ እግሩ የገመዱ ክብ ውስጥ ገባ። እዚያው ቆመ።

ኬሩ ከመሪው ዘሎ በሃሹ ላይ አልፎ ሄደ። እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። ወንድሙን በሸሚዙ ይዞ ወደኋላ ጎተተው፤ ዳሙ በወገቡ ወደቀ። ኮኮናቱ ኬሩ እጅ ላይ ቀረ።

ከባባን ካካ ጀልባ ሳቅ አልተሰማም። ሁሉም እግሩን አይተዋል። ሁሉም ባላራምን አስበዋል።

ኮኮናቱን መልሶ ለዳሙ መስጠት ይችል ነበር። ጊዜው አልሞላም፤ ሕጉም አይከለክልም። ኬሩ ኮኮናቱን ይዞ ቆሞ ወንድሙን አየው። ዳሙ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አላየውም፤ ውሃውን ነበር የሚያየው። ኬሩ ያሰበው አጭር ነገር ነው። ይህ ሰው ዓመቱን አይጨርስም። መርከብ ላይ ሆኜ፣ ምድጃ ፊት ቆሜ፣ አንድ ቀን ስልክ ይመጣል።

ኮኮናቱን ጣለው። ወርቃማው ወረቀት ውሃው ላይ ተገልብጦ ሄደ። ከዚያ እግሮቹን አርቆ፣ ድንጋዩን ገፋው። ገመዱ ሮጠ፣ አለቀ፣ ተወጠረ።

«ሚስት አንዴ ያገቧታል» አለ ባባን ካካ ቀስ ብሎ። «ይቺን ባሕር በየዓመቱ።» ሊያጽናናው ነበር።

ዳርቻው ሲደርሱ፣ ኮኮናቱን የጣለው ሰው ነው ቀድሞ የሚወርደው። ሴቶቹ ከጀልባው የወረደው ኬሩ መሆኑን ሲያዩ ዘፈኑ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ቀጠለ። ታራማቲ ቀይ ቀለም በጣቷ ነክራ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። 

«ለዘንድሮ ብቻ» አለች።

* * *

ለሱዳም ከሱቁ ደወለ። ሱዳም ኮሊ ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም። የወንድሜ እግር ገመድ ውስጥ ገባ ማለቱ በቃ። ከዚያ በኋላ በቦታህ ሌላ ሰው ይገባል፣ ዕድሜህን ታውቀዋለህ አለ። ኬሩ አውቃለሁ አለ። ሱዳም የወጡን አሠራር ጠየቀው፤ ኮኩሙን መቼ ነው የምትጨምረው አለ። ኬሩ ነገረው። ባለሱቁ ቆጣሪውን እያየ ስለነበር በዚሁ ዘጉት።

ማንጁላ ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ አንስታ ቢላዋውን ወደ ቦታው መልሳለች። ልብሱን አልነካችውም። ዓሣ እየጠበሰች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው ተናገረች።

«ሰውዬው ገመድ ረሳ ነው የምትሉት?»

«እግሩ ለስልሷል። አይተሽዋል።»

«ያየሁትማ ትናንት ነው። ግቢው በሙሉ ገመድ ነበር። በነጭ ጫማው እንደ ድመት ነው ያለፈው፤ ዓይኑን ሳይጥል። አንተም በረንዳው ላይ ነበርክ።»

 ማንጁላ ዓሣውን ገለበጠች። ዘይቱ ጮኸ።

«እኔ በሐሳቤ ያላንተ መኖር ለምጄ ነበር» አለች። «አልጋው ሰፍቶልኝ ነበር።» ከዚያ በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ የቃሪያው ጭስ ነው አለች። ድስቱ ውስጥ ቃሪያ አልነበረም።

ኬሩ ያን ሌሊት አልተኛም ማለት አይቻልም፤ ተኝቷል። ውሃው ጎህ ሲቀድ ስለሚቆም መተኛት ነበረበት። መረቡን ሲስብ ግን ነገሩን ሲያገላብጥ ነበር። ወንድሙ እግሩን እያወቀ አስገብቶ ከሆነ፣ ያስገባው ኬሩ እንደሚያይ ስለሚያውቅ ነው። ካላየስ? ድንጋዩ የሚወርደው በዳሙ በራሱ እግር ነው። ካልገፋው አይወርድም። ስለዚህ አደጋ አልነበረም። የነበረው ትርዒት ብቻ ነው፣ ለአንድ ተመልካች።

ዳሙ የሚሄደው በዚያው ቀን ነበር። ኬሩ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘው። ዳሙ ነጩን ጫማ አድርጓል፤ እናታቸው የሰጠችውን የደረቀ ቦምቢል በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሚስቱ በረንዳ ላይ እንኳ እንደማታስቀምጠው ሁለቱም ያውቃሉ። ከማንግሮቩ ዳር ባለው መጠለያ ቆሙ። ውሃው እየሸሸ ነበር፤ ጭቃው ላይ ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ።

«ዳሙ» አለ ኬሩ። «እግርህ የት እንደገባ ታውቅ ነበር?»

ዳሙ መንገዱን አየ። አውቶቡሱ ገና አልመጣም።

«አውቅ ነበር፣ ዳዳ።»

ኬሩ ይህንን እየጠበቀ ነበር። 

«እምቢ ማለት ትችል ነበር። በስልክ።»

«ለማን ነው እምቢ የምለው? ለእማዬ?» ዳሙ ዞር ብሎ አየው። «አንተስ ብለህ ታውቃለህ?»

ኬሩ እጁን ኪሱ ከተተ።

«የመጣሁት ልጥለው ነበር፤ እምልልሃለሁ» አለ ዳሙ። «ጀልባው ላይ እስክወጣ ድረስ ልጥለው ነበር። ከዚያ ገመዱን አየሁት። ባላራምን ሲያወጡት እኔ እዚያ ነበርኩ፤ አንተ ሙምባይ ነበርክ። እግሩን አይቼዋለሁ። አንተ አላየኸውም።»

«ብዘገይስ? ኮኮናቱን ትጥል ነበር?»

«አትዘገይም። አንተ ምንጊዜም ታያለህ። ለዚህ ነው እኮ ያስገባሁት።»

ኬሩ ሊመታው አሰበ። እጁን ከኪሱ አወጣ። ወንድሙ አልሸሸም፤ ጋዜጣውን ብቻ ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረ፣ ዓሣው እንዳይጎዳ። ያቺ እንቅስቃሴ የእናታቸው ናት። ኬሩ እጁን መልሶ ከተተ።

አውቶቡሱ በመታጠፊያው ብቅ አለ።

«ለሚመጣውስ ዓመት?» አለ ኬሩ። ለምን እንደጠየቀ አያውቅም። ለሚመጣው ዓመት መርከብ የለም።

ዳሙ ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ለሚመጣው ዓመት ሁለቱንም እግሬን አስገባለሁ» አለ።

አውቶቡሱ ጭቃ እየረጨ ሄደ። ኬሩ ዞር ብሎ ውሃውን አየ። ሽሽቱ ከግማሽ አልፏል። ከዚህ በላይ ከቆመ ይዘገያል።

ሃሹ ሞተሩን አስነስቶ ጠብቆታል፤ ስድቡን ራሱ ሰድቦ። ኬሩ መሪውን ያዘ። ችካሉ ጋ ደርሰው አሰሩ። ውሃው እስኪቆም ጊዜ ስለነበር ሃሹ ጋደም አለ፣ ኬሩም ምድጃውን አቀጣጠለ። ነጭ ሽንኩርት ወቀጠ፣ ቃሪያ፣ እርድ፣ ኮኩም። ቦምቢሉን በመጨረሻ አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ አየ። ሩቅ፣ የሰማዩ ጫፍ ላይ፣ አንድ ጭነት መርከብ ወደ ደቡብ እየሄደ ነበር። የሱዳምን መርከብ አሰበ። የሱዳም ሊሆን አይችልም፤ የሱዳም የሚነሳው ነገ ነው። ቢሆንም ቆሞ አየው፤ ቀኑን እንደገና ቆጠረ፤ መርከቡ እስኪጠፋ።

ዓይኑን ሲመልስ ድስቱ ውስጥ ዓሣ አልነበረም፤ ቀልጧል። ቢጫ መረቅ ነበር፣ ከላዩ እንደ ፀጉር የሚንሳፈፉ አጥንቶች።

ሃሹ ተነስቶ በማንኪያ ቀመሰ። ማንኪያውን ወደ ቦታው መለሰ።

«ዛሬስ ደመወዙን ነው የምመርጠው» አለ።

ኬሩ ድስቱን በጀልባው ጎን ደፋው። መረቁ ሳይሄድ እዚያው ክብ ሠርቶ ቆመ፤ ውሃው መቆሙ ነው። መረቡ ከሥር አፉን ከፍቷል። ሁለቱም እግራቸውን አርቀው ገመዱን ያዙና መሳብ ጀመሩ።